የወንዳፈራሁ ረጅም ገበቴ

ታናሽ ወንድሜ ወንዳፈራሁ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ውስጥ የታወቀ ገበቴ ጠራቢ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፣ ምላስ ግን አለው። "ወታደር ሳለሁ ጣና ላይ ታንኳ ቀዝፌያለሁ" እያለ ሠላሳ ዓመት አደነቆረን።

ዘንድሮ ከቆላ የዋንዛ ግንድ አስመጥቶ ይጠርብ ጀመር።

"ይሄ ገበቴ የስንት ሰው ሊጥ ሊይዝ ነው?" አልኩት።

"ሊጡን ተይው እትዬ፤ ሦስት ሰው ይይዛል" አለኝ። ለካ ታንኳ ነው! ጉድ በል መንዝ!

የጉዱ ሁሉ ምንጭ ሸዋረግ ናት። ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ትነግዳለች፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሦስቴም በባዶ መለሰቻቸው። ይሄኔ ነው ቀዛፊነቱን ሊያሳያት መጥረቢያውን ያነሣው። ታንኳው ሲያልቅ ገበያ መሃል ጠርታው፦

"በዚያ ገበቴህ እግሬ ሳይረጥብ ከገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ ካሻገርከኝ፣ እሺ። ከረጠበ ግን ስሜን እንዳታነሣ!" አለችው።

ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። እንግዲህ ቃል ቃል ነው።

እኔ ምስክር ተብዬ ከሁለቱ ጋር ተሳፈርኩ። ዋና የሚባል አላውቅም! ወንዙ ከምንጭ ስለሚነሣ በጋም አይጎድል፤ ከመጥራቱ የተነሣ ደግሞ ከሥር ያለው ጠጠር ይቆጠራል ይላሉ። እኔ ምኑን ልቁጠር፣ ዓይኔን ጨፍኜ "ሚካኤል ድረስ!" እላለሁ።

መቅዘፊያው አውድማ ላይ ገብስ የምናዘራበት የእንጨት ላይዳ ነው። አንዴ ገፋ ቢያደርገው ታንኳዋ ሽው! ዓይኔን ገለጥኩ። ኧረ ደስ ሲል! በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ተንከተከትኩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ። አውራው ቀና ብሎ ከንፈሩን ገለበጠብን።

"ወንዳፈራሁ፣ ዘመድህ ነው፤ ሰላም በለው እንጂ!" አለች ሸዋረግ። ሳቃችን ወንዙን ሞላው። ማዶ ፍልፈል ሊይዝ ያደፈጠ ቀይ ቀበሮ ደንግጦ ዘለለ፤ ፍልፈሉም አመለጠው። ምሳውን አስመለጥንበት፣ ምስኪን።

ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከቄጠማው ውስጥ አንዲት ዝይ ጫጩቶቿን አስከትላ ፊታችን ድቅን አለች። ወንዳፈራሁ እንዳይገጫቸው ላይዳውን ጠመዘዘ። ታንኳዋ ዞረች፣ አዘነበለች፣ ውሃው ዘው አለ። እስከ ቁርጭምጭሚታችን!

ማዶ በደህና ደረስን። ወንድሜ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ?

"ረጠበ" አለ ላይዳውን አስቀምጦ። "ከእንግዲህ ስምሽን አላነሣም።"

ሸዋረግ ወረደችና ቀሚሷን ከፍ አደረገች። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ጥቁር የጎማ ቦት! አንዱን አውልቃ ነጭ ካልሲዋን አሳየችን። ደረቅ!

"የረጠበው ጫማው ነው" አለች። "ምን አፍህን ትከፍታለህ? ሽማግሌ ላክ እንጂ!"

ወንዳፈራሁ "እልል በይ እትዬ!" ብሎ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ዘለለ። ዝይዋ ጮኸች፣ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት። ከዚያ ሸዋረግን ጠጋ ብዬ፦

"አንቺ፣ ይሄን ቦት መቼ ገዛሽው?" አልኳት።

"ግንዱን መጥረብ የጀመረ ዕለት" አለችኝ።