ጨዋታ የሌለበት ትኬት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቡሬ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ግድግዳውን ኖራ ሲያስቀቡ፣ ሽታው በመስኮት ገባና ሥራዬን አቁሜ ብቻዬን ፈገግ አልሁ። ርጥብ ኖራ በሸተተኝ ቁጥር የፍኖተ ሰላም ሜዳ ነው ፊቴ የሚመጣው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ሣሩ ገና ውሃ እንደቋጠረ፣ ነጩ መስመር አዲስ ተሰምሮ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። የከተማው ቡድን የዓመቱ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹን ከደጋፊው ጋር የሚያስተዋውቅበት ቀን አዘጋጀ። ግጥሚያ የለም። ልጆቹ አዲሱን ማሊያ ለብሰው በስማቸው እየተጠሩ ይወጣሉ፣ ትንሽ ልምምድ ያሳያሉ፣ በቃ። ለዚህ መግቢያው ሃያ ብር ተባለ፤ ቡድኑ ከከተማ ሲወጣ የሚሳፈርበትን መኪና መከራያ አጥቶ ነበርና። የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትኬቱን ሰጥተው በሩ ላይ ሲያቆሙኝ፣ "እናትም ትምጣ አባት፣ ሳይከፍል የሚገባ የለም" አሉኝ። እሽ አልሁ። አባቴ ይመጣሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ።

አባባ ቤታችን ባለበት ማንኩሳ ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ታላቅ ወንድሜ ቅኔውን ትቶ ኳስ ከተከተለ ወዲህ በቤታችን የኳስ ነገር አይነሣም። በዚያ ዓመት ወንድሜ ለከተማው ቡድን ተከላካይ ሆኖ ተመረጠ። ይኸን ለአባባ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ባጃጁ ጡሩምባ እየነፋ፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ከሰልፉ መካከል አየሁት። ጫማቸው ጭቃ ለብሷል። ተራቸውን ጠብቀው ፊቴ ቆሙ።

"ስንት ነው?" አሉኝ፣ እንደማያውቁኝ ሁሉ።

"ሃያ ብር ነው፣ አባባ።"

"ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?"

"ዛሬስ አይጫወቱም። ለማየት ብቻ ነው።"

ትንሽ አሰቡ። "ሃያ ዓመት ሙሉ በነፃ ሳየው የኖርሁትን ልጅ፣ ዛሬ ሃያ ብር ከፍዬ ልየው?"

ከኋላቸው ያሉት ሳቁ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ፤ ሊቀመንበሩ ከጎኔ ቆመዋል። "እኔ ልክፈልልዎ" ብዬ ሹክ ብላቸው፣ "አንች የታዘዝሽውን ሥሪ" አሉና ከሰልፉ ወጡ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የባሰብኝም እሱ ነው። ከበሩ ጥቂት እልፍ ብለው፣ ከሽቦው አጥር ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሙ። ለገበያ መጥተው መግቢያው የከበዳቸው ገበሬዎችም አንድ ሁለት እያሉ አጠገባቸው ተሰበሰቡ።

ተጫዋቾቹ መጠራት ጀመሩ። ወንድሜ ስሙ ሲጠራ እየሮጠ ወጣ፤ ለሰዉ እጁን ሊያውለበልብ ሲል ጥምጥሙን አየና ባለበት ቀጥ አለ። ከዚያ መሀል ሜዳውን ትቶ ወደ አጥሩ መጣና ጎንበስ አለ። አባባ ጣታቸውን በሽቦው አሳልፈው ግንባሩን ነኩት።

"ማሊያው ሰፍቶሃል" አሉት።

"ይቀይሩልኛል፣ አባባ።"

ይኸን አይቶ በረኛው "የኔታ፣ እኛንም ይመርቁን" እያለ ተከተለ፤ ከዚያ አጥቂዎቹ፣ ከዚያ አሠልጣኙ ሳይቀሩ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው "ወደ መሀል፣ ወደ መሀል" ቢል ማን ይስማው። የከፈለው ሕዝብም ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ አጥሩ ጎረፈ። ምን ልበላችሁ፣ ያ የተሰመረ ሜዳ ባዶውን ቀረ። ሊቀመንበሩ ሜዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ክፈችላቸው" አሉኝ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁት። ገበሬዎቹ እየተሳሳቁ ገቡ፤ አባባ መጨረሻ ላይ። መሀል ሜዳ አቁመዋቸው ድምፅ ማጉያው ሲሰጣቸው፣ "በራችሁ ለኳስ ይዘጋ፤ ለሰው ይከፈት" ብለው መረቁ። መጀመሪያ የሳቀው በረኛው ነው፤ ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ በእልልታ ተናጋ። ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ደፍተው አጨበጨቡ። ሲያበቃ የወጣው ሰው፣ ከፍሎ የገባውም ሳይቀር፣ የቻለውን እየሰጠ ነበር የሄደው፤ ልጆቹ ለመጀመሪያው ግጥሚያቸው በመኪና ሄዱ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የማንኩሳ መንገድ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አባባና እኔ በአስፋልቱ ዳር እንሄዳለን። መኪና ሲያልፍ እጃቸውን አያነሡም፤ ጥያቄ ይዘዋል። በረኛው በእጁ ሲነካ ለምን ዝም ይባላል? ኦፍሳይድ ማለትስ ምንድን ነው? ጠጠር ለቅሜ አስፋልቱ ላይ ደረደርሁና ይኸ ተከላካይ፣ ይኸ አጥቂ እያልሁ አስረዳኋቸው። ስንቱን ደቀ መዝሙር ያስተማሩ ሰው፣ ቁጢጥ ብለው፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ያዳምጡኝ ነበር።

አሁን አባባ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ያን ቀን ደጃፋችን ስንደርስ ኦፍሳይድ ገና ግልጽ አልሆነላቸውም። እጃቸውን መዝጊያው ላይ አድርገው ቆሙና፣ "እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ" አሉኝ።

ደገምሁላቸው።