የተገለበጠው ማረፊያ

ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ጎሚስታ ደጃፍ ሳልፍ የሚነድ ላስቲክ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲፈጥን እኔ እቆማለሁ፤ ቆሜም እናደዳለሁ። አጎቴ የከመነዳሪ ቁራጭ በእሳት እያለሰለሰ ደጋኔ ላይ ሲለጥፍልኝ የነበረበትን ከሰዓት ይዞብኝ ይመጣልና። ይህን ያህል ዘመን አልፎ በአንድ ቁራጭ ላስቲክ መናደድ የጤና አይመስልም ይሆናል፤ ግን እናደዳለሁ።

ያደግነው ኩልፎ ወንዝ ዳር ነው። አባዬ ከመስኖው ቦይ ማዶ የሙዝ ማሳ ነበረው፤ ሳምንቱን እዚያ ሲለፋ ይከርምና እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት ያገለግል ነበር። የቤታችን ቋንቋ ጋሞኛ ነበር። አባዬ አማርኛን የተማረው ከስብከት ስለነበር፣ ከተሜው ሁሉንም በደፈናው «ቀስት» ሲል እሱ የሚለጠጠውን «ደጋን»፣ የሚወረወረውን «ፍላጻ» ብሎ ይለይ ነበር፤ እኛም ይህንኑ ተምረን ትምህርት ቤት ስንናገር ይሳቅብን ነበር።

በጋው ሲጠና ወንዙ ይሳሳል፣ ጫካው ይደርቃል፣ ዝንጀሮውም ቤተሰቡን አስከትሎ ወደ ማሳችን ይወርዳል። በልቶ ቢሄድ ባልከፋ፤ አንዱን ገምጦ ይጥልና ሌላውን ይቀጥፋል፣ ገና ጥሬውን ሳይቀር ያረግፋል። ያን ዓመት ደግሞ ደጋው ላይ ጨንቻ የምትኖረው አክስቴ፣ ልጆቿ አግብተው ስለወጡባት፣ ፈትል የምታግዛት ልጅ እንድንልክላት መልእክት ሰድዳ ነበር። መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ስለሆነ ታናሽ ወንድሜ ታምራት በዚህ ነገር አይታሰብም፤ ስለዚህ ልጅ ማለት እኔ ነበርኩ። ጨንቻን ጠልቼ አልነበረም፣ ከእናቴ መለየት ግን አልፈልግም ነበር።

«አባዬ፣ ዝንጀሮውን እኔ ካባረርኩልህ እዚሁ ልቅር?» አልኩት አንድ ቀን።

ሳቀና፣ «ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ፣ ከቦዩ ወዲህ ቆመሽ ያንን የሙዝ ግንድ በፍላጻ መምታት ከቻልሽ ማሳው ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። አክስትሽም ሌላ ትፈልግ» አለኝ።

የእናቴ ወንድም አጎቴ ዳና ከደጋ ቀርከሃ አምጥቶ ለጀማሪ የሚሆን ለስላሳ ደጋን ሠራልኝ። አውታሩ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ናይሎን፣ ፍላጻዎቹ ሸምበቆ ነበሩ፤ ጫፋቸው ላይም ስለት ሳይሆን የበቆሎ ቆረቆንዳ ተሰክቶባቸው ነበር፣ ነገሩ ማስደንገጥ እንጂ መግደል አይደለምና። ፍላጻው በእጄ ላይ እየተንሸራተተ ሲወጣ ቆዳዬን ስለሚልጠው፣ ከመያዣው ከፍ ብሎ የሚጋደምበት ትንሽ ማረፊያ ይሠራላት ተባለ። መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው።

ግራኝ ነኝ። በቤታችን ይህ እንደ ክፉ አመል እንጂ እንደ ተፈጥሮ አይታይም ነበር፤ ማዕድ ላይ ግራ እጄ ከተነሳ እናቴ በዓይኗ ትመልሰዋለች፣ በዓይን ካልተመለሰ አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ደጋን ስይዝ ግን አውታሩን የሚስበው ሳላዘው ግራ እጄ ነበር። ማረፊያው ደግሞ ለቀኝ እጅ ሰው እንደሚደረገው በደጋኑ ግራ ጎን ተለጠፈ፤ እኔ በሳብኩ ቁጥር ጣቶቼ ፍላጻውን ከማረፊያው ይገፉትና ጠብ ይላል። ደጋኑን ገልብጬ ብይዘው ደግሞ ማረፊያው ከእጄ በታች ይገባል።

«አጎቴ፣ ወደዚህኛው ጎን አድርግልኝ» እለው ነበር።

«ጎኑ ምን አደረገሽ? ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ አንቺ አታተኩሪም እንጂ ማረፊያው ደህና ነው» ይለኛል፤ ይህን ብሎም ማረፊያውን ነቅሎ ሌላ ይለጥፋል፣ እዚያው ጎን ላይ። ላስቲኩ ለዘበ ተብሎ የበረባሶ ቁራጭ መጣ፤ በረባሶው ደረቀ ተብሎ ሽቦ ታሰረ፤ ሽቦው ሸምበቆውን ፋቀው። እናቴ ሲቀላ ይዛኝ ወርዳ አንድ ጫማ ሰፊ «ለቀስት የሚሆን ማረፊያ» ብትጠይቀው፣ «እናቴ፣ ፖሊሶቹ ያላቸውን ማረፊያ ቤት ነው የሚሉኝ?» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀብን። ያም ሆኖ ፀጉሩ ያልተነሳ የላም ቆዳ ቆርጦ ሰጠን። ቆዳው ልስልስ ያለ፣ ድምፅ የማያሰማ ነበር፤ አጎቴ አገላብጦ አደነቀውና እዚያው ግራ ጎን ላይ ለጠፈው። ሁሉም ስለ ላስቲክና ስለ ቆዳ ይከራከራል፣ የሚጠይቀኝ የለም፤ ስናገርም የሚሰማኝ የለም። በንዴት ሙዝ ሥር ተቀምጬ ያለቀስኩት ለቅሶ ቦዩን ባይሞላም ጉንጬን አቁስሎታል።

በልግ ገባና ዝናቡ የቆዳውን ሙጫ አላቀቀው። አጎቴ ወደ ደጋ ሄዶ ስለነበር ቆዳውን ራሴ ወሰድኩና በቀኙ ጎን ላይ በክር ጠፍሬ አሰርኩት። በግራዬ ሳብኩ፤ ፍላጻው ንቅንቅ አላለም። ስለቀው የሙዙን ግንድ ወገቡ ላይ መታው፤ ቆረቆንዳው ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ እናቴን ከጓሮ አስወጣት። ደግሜም መታሁ። እናቴ «መታች እኮ! ኑ እዩ፣ መታች!» እያለች አባዬን ጠራችው።

አባዬ ከማሳው እየተጣደፈ መጣ፣ ደጋኑን ተቀበለኝ፣ ማረፊያውን ለአፍታ አየውና «ይሄ ተገልብጧል» አለ። ከዚያም ክሩን በእርጋታ ፈትቶ ቆዳውን ወደ ግራ ጎን መልሶ አሰረው።

«በሱ ነው እኮ የመታሁት!» ብዬ ጮኽኩ።

«አሁን ደግሞ በደህናው ትመቺያለሽ» አለኝ።

አልመታሁም። ትምህርት ሲዘጋ፣ ማረፊያውን ዳግም እንዳልነካ ተከልክዬ፣ ከቦዩ ወዲህ ቆሜ፣ ፍላጻው እግሬ ሥር እየወደቀ፣ አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ፣ በቀኜም በግራዬም ሞከርኩ፤ አልሆነም። ታምራት «እስቲ እኔ» ብሎ ተቀበለኝና በመጀመሪያው ሙከራ ግንዱን አገኘው። የእኔ ልብስ በማግስቱ በፌስታል ታሰረ።

ጨንቻ ክረምቱን ሙሉ ጭጋግ ነበር። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እሳት ዳር አስቀምጣ እንዝርት አስያዘችኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ በግራዬ አሾርኩት። የፈተልኩትን ከራሷ ክር ጋር አስተያይታ፣ «ልጄ፣ ክርሽ ተገልብጧል። ማጉ ወዲያ ዞሮ፣ ድሩ ወዲህ ዞሮ ሸማኔው እንዴት ያድርገው?» አለችኝ። መስከረም ጠብቶ ትምህርትም እዚያው ስጀምር፣ በቀኜ እፈትል፣ በቀኜ እበላ፣ በቀኜ እጽፍ ነበር። ወደ ኩልፎ የተመለስኩት ልጅነቴ ካለቀ በኋላ ነው፤ እናቴ ስትስመኝ ቁመቴ ከእሷ በልጦ ነበር።

አባዬን ግን አልተቀየምኩትም። አልገባውም ነበር እል ነበር፤ አንድ ነገር ያልገባው ሰው ምን ይደረጋል።

ባለፈው በጋ ልጄን ቢንያምን ይዤ አባዬ ዘንድ ሄድኩ። ቢንያም እንደኔ ግራኝ ነው። አባዬ አርጅቷል፣ ማሳውንም ለታምራት ለቆ ጥላ ሥር ይውላል፤ ያን ቀን ለልጅ ልጁ መጫወቻ ደጋን ጠርቦ ማረፊያውን ሲያስር አየሁት። ማንም ሳይነግረው በቀኙ ጎን ላይ አሰረው።

«አባዬ፣ ማረፊያውን በዚያ በኩል ለምን አደረግኸው?»

«ግራኝ አይደል እንዴ? በወዲያኛው በኩልማ ይወድቅበታል።»

«መቼ ነው ይህን ያወቅኸው?»

«ድሮም አውቃለሁ» አለኝ፣ ከክሩ ላይ ቀና እንኳ ሳይል። «አንቺ ሴት ነበርሽ። ሰው ቤት ገብተሽ በግራሽ ስታቀርቢ ሲስቁብሽ ማየት አልፈለግኩም። ይሄ ወንድ ነው፤ ዘመኑም ሌላ ነው።»

ዘመኑ እውነትም ሌላ ነው። ልጄ በግራው ይበላል፣ በግራው ይጽፋል፣ የሚቆጣው የለም፤ ያን ዕለትም በግራው ስቦ ሲመታ ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ላልገባው አባቴ ይቅርታ ማድረግ ቀላል ነበር። የገባውን አባቴን ግን ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላውቅም።