የአስካለ እናት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ገበሬው ሁሉ ከየማሳው ተነሥቶ ወደ መንደር በተሰበሰበበት ዓመት። የምንኖረው ከጎበሳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳም። በዚያ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ከእስር፣ ምናልባትም ከሞት አትርፎኛል። ያተረፈኝም ሐሰት አናግሮኝ ነው።

ቤታችንን ያፈረስነው በገዛ እጃችን ነው። ምሰሶውንና ማገሩን፣ የክዳኑን ሣር ሳናስቀር ተሸክመን ገመድ ተዘርግቶ ችካል ወደተተከለበት ሜዳ ወሰድነው። ባለቤቴ ግድግዳውን እንዳቆመ፣ ክዳኑ ሳይደርስ ዝናብ ያዘ። አገራችን ደጋ ነው፤ ሲዘንብ በረዶ ይቀላቅላል። የመጨረሻዋ ልጄ አስካለ የአምስት ወር ሕፃን ነበረች። ከላይ ቁርበት ደርቤ ሁለት ቀን ከደረቴ ሳላወርድ ያዝኳት። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመራት። ሳምንት አልቆየችም።

በቀበርናት ዕለት እንኳ ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ለገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንጨት እንዲሸከም ተጠርቶ ሄዷል።

የሚያጉረመርም ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቅ ነበር። ከእኛ በታች ካለው መንደር አንድ አባወራ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ "ቤቴን ያፈረስኩት ተገድጄ ነው" አለ። ወደ አሰላ ወሰዱት። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ስንቅ ይዛ ሄደች። በሁለተኛው ጊዜ "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" ብለው መለሷት።

ወራት ካለፉ በኋላ ካድሬው ሴቶቹን ሰበሰበን። ስለ መንደሩ ሊዘግብ ከአዲስ አበባ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይመጣል አለ። ከዚያ በተቀመጥንበት ተራ እየዞረ የምንናገረውን ቃል አደለን፤ ማን ምን እንደደረሰው በደብተሩ ጻፈ። እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ "አንቺ የጤናውን ትያለሽ" አለኝ። "በአዲሱ መንደር ልጆቻችን ጤና አገኙ፤ ብርድና ዝናብ ቀረላቸው።"

ካድሬው ይህን የሰጠኝ በክፋት አልነበረም። አያውቀኝም፤ ተራው ደርሶኝ ነው። የማኅበራችን ሊቀመንበር ግን የልጄን ሞት ያውቃል። አንገቱን ደፋ።

ስንበተን ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ጀመር። ጎረቤቴ ሩቂያ ተጫዋች ናት።

"ለእኔ የደረሰኝ ውሃ ነው። ለአንቺስ?" አለቻት አንዷን።

"ትምህርት ቤት።"

"የታለ ትምህርት ቤቱ?"

"ከውሃሽ ጋር ይመጣል።"

አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሩቂያ ወደ እኔ ስትዞር ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። አስካለን አብራኝ አስታማለች። "የታደሰ እናት፣ ውሃውን ውሰጂ። የአንቺን እኔ ልበለው" አለችኝ። ታደሰ የበኩር ልጄ ነው፤ በአገራችን እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው። ካድሬው ጽፎታል ብዬ ፈራሁና እንቢ አልኳት።

ጋዜጠኛው በመጣ ዕለት በግ ታረደ። ካድሬውና ሊቀመንበሩ ምግቡ ወደተሰናዳበት ቤት ገቡ። ጋዜጠኛው ግን "አስቀድሜ ሥራዬን ልጨርስ" ብሎ ወደ እኛ መጣ። ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። የድምፅ መቅጃ ቴፑን በትከሻው አንግቷል። አጠገባችን ጠመንጃ የያዘ አንድ የመንደራችን ሚሊሺያ ቆሟል።

ሴቶቹ የተሰጣቸውን ቃል ተራ በተራ ተናገሩ። ሩቂያም ውሃዋን ተናገረች። ከዚያ ማይኩ ወደ እኔ መጣ።

ውዳሴ ማርያምን በቃሌ የምደግም ሴት ነኝ። ያችን አጭር ቃል ሳምንት ሙሉ ብይዛትም አፌን ስከፍት አጣኋት። የወጣው ሌላ ነው። "ልጄ አስካለ እዚህ ሞተች" አልኩ። "አምስት ወሯ ነበር። ቤቱ ክዳን አልነበረውም።" ስለ ዝናቡ ተናገርኩ። ባለቤቴ ከቀብር ተመልሶ እንጨት ሊሸከም እንደሄደም ተናገርኩ። ጋዜጠኛው አላቋረጠኝም። ማይኩን እንደያዘ ሰማኝ።

ሚሊሺያው ዞሮ ካድሬው ወዳለበት ቤት መሄድ ጀመረ። አልሮጠም፤ ግን ሄደ።

ጋዜጠኛው በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ ተንበርክኮ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰ።

"እትዬ፣ ሌሎች ልጆች አሉዎት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አራት አሉኝ።"

"እንግዲያው የተሰጠዎትን ይበሉልኝ። አዲሱ በላዩ ሲቀዳ የፊተኛው ይጠፋል። ቶሎ ይበሉ።"

"እውነት አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

ሩቂያ ከኋላዬ ቃሉን በጆሮዬ አስታወሰችኝ። እኔም አልኩት። "በአዲሱ መንደር ልጆቻችን ጤና አገኙ። ብርድና ዝናብ ቀረላቸው።"

ካድሬው እጁን ሳይታጠብ መጣ። "ይቺ ምን አለች?" አለ። ጋዜጠኛው ካሴቱን መልሶ ከፈተው። ድምፄ ወጣ፤ ልጆቻችን ጤና አገኙ እያለ። ድምፄን ከራሴ ውጭ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

"መጀመሪያ ላይ ፈርታ ተንተባተበች። እንደገና አስባልኳት" አለ ጋዜጠኛው።

ካድሬው ወደ ሚሊሺያው ዞረ። "አንተ ጆሮህን ታመሃል እንዴ?"

ሚሊሺያው እኔን አየ፤ ሩቂያንም አየ። የሰማውን ሰምቷል። የአስካለን መቃብር ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። "ሩቅ ሆኜ ነው ጓድ፣ በደንብ አልሰማሁም" አለ። ካድሬው ሳቀበትና ጋዜጠኛውን ወደ ምሳው ወሰደው። ጋዜጠኛው ሲሄድ ወደ እኔ አልዞረም። ስሜንም አልጠየቀኝም፤ ስሙንም አልነገረኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በማኅበሩ ግቢ ሬዲዮ ሲከፈት ድምፄ መጣ። "አንዲት እናት" ብለው ነው ያቀረቡኝ። ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ። ባለቤቴ ተነሥቶ ወጣ። የሆነውን ሁሉ ነግሬው ነበር። ግን ማወቅና መስማት አንድ አይደለም። ብዙ ቀን ሳናወራ ሰነበትን።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። "ስለ ልጆችሽ ብለሽ ነው፤ እግዚአብሔር ያያል። ሐሰት ግን ሐሰት ነው" አሉኝና ስግደት ሰጡኝ። ለዚያ ሰው እንድጸልይለትም አዘዙኝ።

"ስሙን አላውቅም፣ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ያውቀዋል።"

ከዚያ ወዲህ በየጸሎቴ "ቴፕ የያዘውን ሰው አስበው" እል ነበር። ለእኔ ለራሴ ቅር ይለኝ ነበር። ሰው በክርስትና ስሙ ነው የሚታሰበው።

ከአራት ዓመት በኋላ ዓይኔን ልታከም አሰላ ሄድኩ። ደርግ ገና አልወረደም። ስመለስ መነኻሪያው ውስጥ የጎበሳን አውቶቡስ ስጠብቅ ከኋላዬ አንድ ሰው "የአስካለ እናት" ብሎ ጠራ። አልዞርኩም። በዚያ ስም ጠርቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሁለተኛ ሲጠራኝ ዞርኩ።

እሱ ነበር። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል።

"እኔ የማውቅዎ በእሷ ስም ብቻ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ።

ምን ይቅር እንደምለው ግራ ገባኝ። "አሁንም እዚያው ሬዲዮው ቤት ነህ?" አልኩት።

"እዚያው ነኝ። ልጆች አሉኝ።"

"ስንት?"

"ሁለት።"

ከዚህ ሌላ አልጠየቅኩትም። እሱም በሬዲዮው ምን እንደሚያወራ፣ ከካሴቱ ምን እንደሚያጠፋ አልነገረኝም። በዚያ ዘመን በመነኻሪያ ቆሞ የሚነገር ነገር አልነበረም። አውቶቡሱ መጣ። ልሳፈር ስል ግን ዓመታት የቆየብኝ ነገር ትዝ አለኝና የክርስትና ስሙን ጠየቅኩት። ደነገጠ። ዙሪያውን አየና ዝቅ ብሎ "ወልደ ሚካኤል" አለኝ።

"የአስካለም አስካለ ማርያም ነው" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ዛሬ ልጆቼ አራቱም አሉ፤ የልጅ ልጅም አይቻለሁ። ስለዚህ አመሰግናለሁ። አስካለ ፎቶ የላትም። ከመንደሩ ዳር የነበረው መቃብሯም ሰው ወደየማሳው ሲመለስ ታርሷል። ስሟ የተያዘው በዚያ ካሴት ላይ ነበር፤ እሱንም እኔው በገዛ ድምፄ አጠፋሁት። ጋዜጠኛው ግን ስሟን አራት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል።

ጠዋት ጠዋት ለጸሎት ስቆም ሁለቱን ስም አንድ ላይ እጠራለሁ፤ አስካለ ማርያምና ወልደ ሚካኤል። አንዳንድ ቀን አፌን ስከፍት ያ የተሰጠኝ ቃል ይቀድመኛል፤ ልጆቻችን ጤና አገኙ የሚለው። ዝም ብዬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ከዚያ ስማቸውን እጠራለሁ።