ማሽላው ከታጨደ በኋላ የሚነበብ ምዕራፍ

ሀይደር ሱለይማንን በልጅነቱ የዳቡስ ወንዝ ወስዶት ነበር። ክረምት ነው፤ ከማዶ እርሻ ሲመለስ ደራሽ ውኃ ድንገት ደረሰበት። ጎርፉ ነቅሎ ያመጣውን ቀርከሃ አቅፎ፣ ሰማዩ ከላዩ እየዞረ፣ እንደ ሕልም ቁልቁል ወረደ። ዓሣ አጥማጆች ጎትተው ሲያወጡት ገና ውኃ እየተፋ ቀርከሃው ለምን እንዳልሰመጠ ጠየቃቸው። አላህ ነው ልጄ፣ ብለው ሳቁበት። ከጎጃም ተመድበው የመጡት መምህር ሙላው ግን ቀርከሃ ሰንጥቀው ባዶ ሆዱን አሳዩት፤ ያንሳፈፈው እዚህ ውስጥ የታሰረው አየር ነው አሉት። ከዚያ ወዲህ ሀይደር ያየውን ነገር ሁሉ ውስጡን እያሰበ ፈዞ የሚቀር ልጅ ሆነ።

አድጎ መምህር ሆነ። ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን፣ ለልጆች የሳይንስ መጽሐፍ እንዲጽፍ ተጠየቀ። አሶሳ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ የማንጎው ጥላ ወረቀቱ ላይ ሲዋኝ፣ ስለ ኩይሳ ጻፈ፣ ስለ ጉም ጻፈ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለድምፅ ሰጠው። አባቱ ከቅል የሚሠራውን ረጅም መለከት፣ ዙምባራን፣ ይነፋ ነበርና፣ ልጆች ረጅሙንና አጭሩን ነፍተው የትኛው ወፍራም ድምፅ እንደሚያወጣ እንዲለዩ አዘዘ። የትምህርት ቢሮው ጸሐፊ ትሩፋት በስቴንስል አባዝታ በሽቦ ሰፋችለት።

መስከረም ላይ መጽሐፎቹን ተሸክሞ ወደ ተወለደበት መንደር ትምህርት ቤት ሄደ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ዙምባራ ሊያመጡ ሲሮጡ፣ የዙምባራው ጠባቂ ሼህ ማህጁብ ዙምባራዎቹ የሚቀመጡበት ቤት በር ላይ ቆመው መለሷቸው። በዚያ መንደር ማሽላ ሳይታጨድ ዙምባራ አይነፋም፤ ከተነፋ እህሉ ይጠወልጋል ይባላል። ሽማግሌው በበርታኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

"የሱለይማን ልጅ፣ አባትህ ይህን ያውቅ ነበር። ከከተማ ወንበር ላይ ማሽላ አይታይም መሰለኝ። ይህ መጽሐፍ እዚህ ከዋለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት አይመጡም።"

ሀይደር የሚከራከርበት አላጣም። ግን ልጆቹ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ እሱን ያያሉ፤ በክርክር ቢያሸንፍ እንኳ ነገ ክፍሉ ባዶ ነው። ይልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠና የመጽሐፎቹን ሽቦ በቢላዋ ጫፍ እያላቀቀ፣ ፊተኛውን ምዕራፍ ወደ መጨረሻ እያዛወረ፣ በተዋሰው መርፌ መልሶ ይሰፋ ጀመር። ሼህ ማህጁብ ጥቂት ቆመው አዩትና፣ ስፌትህ ከእናትህ ጆንያ ይብሳል ብለው አጠገቡ ተቀምጠው ወረቀቱን ያዙለት። የገጹ ቁጥር ግን እንደነበረ ቀረ፤ መጽሐፉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከአንድ ይጀምራል።

ማሽላው ታጨደ። ልጆቹም የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ፤ ዙምባራዎቹን ያወረዱላቸው ሼህ ማህጁብ ናቸው። ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ በገለባው ላይ እየተንሳፈፈ ከጉሙ ጋር ወደ ቀርከሃው ጫካ ሄደ።

ሀይደር ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሐፍ ጻፈ፤ አንዱንም የአገሩን ወቅት ሳይጠይቅ አልጀመረም። ሲያረጅ ከሥራው ሁሉ የሚበልጥበት የትኛው እንደሆነ ጠየቁት።

"ያን ምዕራፍ ወደ ኋላ ማድረጌ ነው" አለ። "ልጆቹ ከሽማግሌያቸውም ከመጽሐፋቸውም ሳይጣሉ ተማሩ። እህሉ ይጠወልግ እንደሆነ ደግሞ፣ የራሳቸው እርሻ ሲኖራቸው ራሳቸው ይሞክሩት።"