ነሐሴ ላይ ተጽፎ ሰኔ የተባለ ፍቺ

አባይነሽ የሰፋችው ልብስ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ባጠራቀመችው ነው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሦስት ክፍል ቤት የሠራችው። ጭቃው ሲመረግ፣ ቆርቆሮው ሲመታ ባሏ ከበበ አንድ ቀን መጥቶ ምስማር አላቀበለም። እሱ የካ ሚካኤል አጠገብ ከአባቱ የወረሰው ቤት ነበረው፤ ሚስትና ልጁን ይዞ የሚኖረውም እዚያ ነበር። እኔ ደግሞ እሷ ዘንድ አንድ ጥቁር ኮት አሰፍቼ አሥር ዓመት ለበስኩት። ኮቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

ሥራዬ ራፖር መጻፍ ነው። ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛና ዣንጥላ ዘርግቼ የሰው በደል በወረቀት አሰፍራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ለጠበቃ አቅም የሌለው ሁሉ ግን መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ እኔም ጠበቃ አለመሆኔን አስታውሼው አላውቅም። በጽሑፌ እኮራ ነበር። ዳኞች «ይህ የኃይለ መስቀል እጅ ነው» ይላሉ ሲባል ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር፣ ሞኝ ስለሆንኩ።

በስድሳ ሰባት ሐምሌ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ባል፣ ሚስትና ልጆቻቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ አንድ ቤተሰብ የሚኖረው አንድ ቤት ነው፣ ሌላው የመንግሥት ነው ተባለ። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ከበበና አባይነሽ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ከበበ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ተፋተን ቢሆን ኖሮ ሁለት ቤተሰብ ነበርን፣ ቤቶቻችንም ለየራሳችን ይሆኑ ነበር አለኝ። ቀጥሎ ብዕሬን አየ። ገባኝ። ያን ሰሞን ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ አልነበረም።

ፍቺ በዚያ ዘመን በቀጥታ ፍርድ ቤት አይሄድም። ባልና ሚስት ከየወገናቸው ሁለት ሁለት ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ የቤተ ዘመድ ዳኞች ይባላሉ፣ ፍቺውን የሚፈርዱት እነሱ ናቸው። ሽማግሌ ማግኘት አላስቸገረም፤ ለሰው ቤት ማዳን ነው ተብሎ አራቱም እሺ አሉ። ያስቸገረው ምክንያቱ ነበር። ከባድ ምክንያት ከሌለ ሕጉ ዕርቅ ሞክሩ እያለ ዓመት ሊያንጠለጥል ይችላል። ከባድ የሚባለው ወይ ቤት ጥሎ ሁለት ዓመት መጥፋት ነው፣ ወይ ዝሙት። ጠፍተዋል እንዳንል ጎረቤት በየቀኑ ያያቸዋል። የቀረው ያው አንዱ ነው።

የማን ዝሙት ይባል? ከበበ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ስሜ ከተበላሸ አለቆቼ ምን ይሉኛል አለ። እኔ ደግሞ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ የሚስት ከሆነ ቶሎ ይታመናል አልኩ። አባይነሽ የመርፌ ጠባሳ ያለበትን ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ጠየቀችኝ።

«ወረቀት ላይ ብቻ ነው አይደል፣ ጋሼ?»

«ወረቀት ላይ ብቻ ነው» አልኳት።

በወረቀት ተዳድሬ የምኖር ሰው ይህን ተናገርኩ። ከዚያ ብዕሬን አንስቼ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ማሳመር አያስፈልገውም ነበር። «የትዳር ጓደኛዋ ለእንጀራ በወጣበት፣ ሕፃን ልጇ በተኛችበት ቤት፣ የጋብቻውን ምንጣፍ አርክሳ ሌላ ወንድ ያስገባች መሆኗን በሽማግሌዎች ፊት አምናለች» ይላል። ቀኑን ሰኔ አሥራ ሁለት አልኩት። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፣ እሷም ፈረመች። በካርቦን የቀረችውን ቅጂ እንደ ልማዴ ለራሴ አስቀረሁ፣ ጀርባዋ ላይም የተጻፈችበትን እውነተኛ ቀን፣ ነሐሴ ዘጠኝን፣ ጻፍኩባት። ይህ የጸሐፊ አመል ነው።

ቀበሌው ወረቀቱን አይቶ አመነ። አባይነሽ የአራት ዓመት ልጇን ታደለችን ይዛ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ቤቷ ወጣች፣ ከበበ የካ ቀረ። ጥል እንዲመስል ቦኖ ላይ ውኃ ስትቀዳ እንድትረግመው ነግሯት ነበር። አልሆነላትም፣ ሰው መርገም አታውቅም። ሲመሽ እሱ በባሕር ዛፉ መሐል በእግር መንገድ ይመጣል፣ ሳይነጋ ይወርዳል። ሰፈሩ የገዛ ባሏን ውሽማዋ ነው ብሎ አወራባት። እሷ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር፣ ለእኔም እየሳቀች ነግራኛለች። ውሸቱ ግን ከብዷት በየወሩ መባቻ እንጦጦ ራጉኤል ወጥታ ይቅር በለኝ ትል ነበር።

ሳቁ አራት ዓመት ቆየ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን መጣ፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ቀረ። በሰባ ሁለት ከበበ ጥሩብርሃን የምትባል የመሥሪያ ቤቱን ታይፒስት አገባ። በሕግ አገባ፣ ማንም ምንም ሊለው አይችልም፣ ወረቀት አለው። አባይነሽ ይህን እንኳ ዋጠችው። በዓመቱ ጥሩብርሃን ስትወልድ ነው ነገሩ የመጣው። ከበበ ታደለች ለእኔ ትሰጠኝ ብሎ ከሰሰ። ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነበር፣ ሕፃን ለማዘል የምትበቃ ማለት ነው። ይህን እኔ ነኝ የምለው፤ ክሱ የሚለው «ለሥነ ምግባሯ በማሰብ» ነው።

አባይነሽ የምትሰፋበትን መኪና ሸጣ ጠበቃ ያዘች። አቶ ፀሐዬ ይባላሉ፣ ሐቀኛ ሰው ነበሩ፣ ሰው ደስ እንዲለው ብለው የማይናገሩ። ሕጉን ቁጭ አድርገው አስረዷት። የውሸት ፍቺ የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅም፣ ሽማግሌ ከፈረደ ተፈርዷል። ልጅን በተመለከተ ሕጉ የልጅቱን ጥቅም እዩ ይላል፣ ዳኛው ግን አስቀድመው የሚያዩት ይህችን ወረቀት ነው አሏት። ወረቀቷን ለማፍረስ ፍቺው ቀኑ ተቀይሮ በውሸት የተጻፈ ነው ማለት አለባት። ያን ካለች ሁለቱ ቤቶች የአንድ ቤተሰብ ሆነው ይቆጠራሉ፣ የእሷ ቤት ይወረሳል፣ በእስርም ልትጠየቅ ትችላለች።

«ቤቱን ይውሰዱት፣» አለቻቸው፣ «ልጄን ብቻ ይተዉልኝ።»

ምስክር ያስፈልጋል አሏት። ከእሷ ወገን ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ወደ አገሩ ሄዶ አልተመለሰም። የከበበ ሁለቱ ደግሞ ሰኔ ነው ብለው ይምላሉ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣች። አላለቀሰችም። ቀኑን ብቻ እንድናገርላት ለመነችኝ፣ ሌላ ምንም። ካርቦኗ ሣጥኔ ውስጥ እንዳለች ነገርኳት። እመሰክራለሁ አልኳት፣ ከልቤ ነው ያልኩት። ጉልበቴን ልትስም ስትል ከለከልኳት። ያን ቀን ራሴን ደህና ሰው አድርጌ ቆጥሬው ወደ ቤቴ ገባሁ።

በቀጠሮው ዋዜማ ከበበ መጣ። ዣንጥላዬ ሥር ቁጭ አለ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ሲነሳ እንደዋዛ አንዲት ነገር አለኝ።

«ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ቀኑን የጻፈው የማን እጅ ነበር?»

ሌላ ማስፈራሪያ አልጨመረም፣ አላስፈለገውም። ሰነድ አበላሽቶ የመንግሥትን አዋጅ ያደናቀፈ ሰው በዚያን ጊዜ ምን እንደሚባልና የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞ ያን ሰሞን የጻፍኩት የእነሱን ብቻ አይደለም። ፈራሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ፣ ፍርሃት ነው።

በማግስቱ ለችሎት የምለብሰውን ልብስ ለበስኩ፣ ያንን ጥቁር ኮት። አቶ ፀሐዬ ተነስተው ይህን ወረቀት መቼ ጻፉት አሉኝ። አባይነሽ ታደለችን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ ዳኛው ልጅቱን ሊጠይቋት ስላሰቡ አስጠርተዋታል። ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቀን ነው የጻፍኩት አልኩ። አቶ ፀሐዬ ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ ሰኔ አልኩ። ጠበቃው መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቸኩለው ነበር። ለመዝገቡ ብለው ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ልጅ አለች፣ ትውጣ ያለ ሰው የለም፤ እኔም አላልኩም። «ሕፃን ልጇ በተኛችበት ቤት» ሲሉ ታደለች ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «ምንጣፍ አርክሳ» ሲሉ እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች። ቀስ አድርጋ ነው ያወጣችው። ከዚያ ዳኛው ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ አሏት። ወለሉን እያየች «ከአባቴ ጋር» አለች።

እንደዚያው ተፈረደ። ከበበ ልጁን ይዞ ቁልቁል ወደ የካ ወረደ። አቶ ፀሐዬ ይግባኝ እንዳለ ነገሯት፣ እሷ ግን የምትሰማቸው አልመሰለኝም። እኔ ወጥቼ ጠረጴዛዬ ዘንድ ተቀምጬ ነበር፤ ሸሽቼ ወዴት እሄዳለሁ? አጠገቤ መጥታ ቆመች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። የኮቴ አንገት ታጥፎ ኖሮ እጇን ዘርግታ አስተካከለችልኝ።

«አጻጻፍዎ ያምራል፣ ጋሼ፣» አለችኝ። «ልጄ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማችው።»

ቤቱን ማንም አልነካባትም። ሦስቱም ክፍል ዛሬ ድረስ የእሷ ነው፣ ብቻዋን ትኖርበታለች። ካርቦኗም ሣጥኔ ውስጥ አለች፣ ጀርባዋ ላይ ነሐሴ ዘጠኝ ይላል።