የቆዳው ሽታ የጠፋ ሰሞን

ይሄ ነገር ከሆነ ዓመት አልሞላውም። ባለቤቴ ግርማ ከሥራ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ግርማ የሚሠራው ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ ቆዳ ፋብሪካ ነው። ጥሬ ቆዳ ሲያገላብጥ ስለሚውል ከእሱ በፊት ቤት የሚደርሰው ሽታው ነው። የኔ አፍንጫ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ ሕጌ አንድ ነው፤ በር ላይ በጆግ አስታጥበዋለሁ፣ ሳይታጠብ አይገባም። ጎረቤታችን እትዬ መሪማ «አንቺ፣ የምታጥቢው ባል ነው በግ?» እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ምሽት እንደ ልማዴ ጆጉን ይዤ ጠጋ ስለው ሽታው የለም! «ሥራ እንዴት ዋለ?» አልኩት። «ደህና» አለኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

በማግስቱ ከእትዬ መሪማ ሰማሁ። ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ ስለሚለቅ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ማጣሪያ እስኪሠራ ድረስ አሽገውታል። ምን ልበል? እህቴ የምትኖረው ከወንዙ ታች ነው፤ ልጆቿ ገላቸውን ሲያሳክካቸው ነው የከረመው። እንዳልናደድ እነሱ አሉ፣ ደስ እንዳይለኝ ባሌ አለ።

ግርማ ግን ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዞ መውጣቱን አልተወም። መናኸሪያ አካባቢ ሥራ ሲያፈላልግ ይውላል አሉ። እኔም ምሳውን እቋጥርለታለሁ፣ ማታ አስታጥበዋለሁ። ወንድ ልጅ «ቤቴን ማስተዳደር አቃተኝ» ከሚል ሞቱን ይመርጣል። ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ቻልኩት።

አንድ ቀን ግን ምሳው ሳይነካ ተመለሰ። ያኔ አንጀቴ አልቻለም። ውሃውን እያፈሰስኩ «ግርማዬ፣ ከሸተትከኝ እኮ ሰነበትክ» አልኩት።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«አፍንጫ አለኝ እኮ!»

«ታዲያ ለምን ታስታጥቢኛለሽ?»

«ሥራ ፍለጋስ ሥራ አይደል?»

እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው።

ከዚያ እሱ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ እየሠራ፣ እኔ ደጅ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት እየቸረቸርኩ ወራት ገፋን። ማጣሪያው አልቆ ፋብሪካው ሲከፈት ሁሉንም ሠራተኛ እንደማይመልሱ ተወራ። ግርማ ዕድሉን ሊሞክር ጠዋት ወጣ። እኔ ልቤ እንደተንጠለጠለ ዋልኩ።

ማታ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ሳይል ሸተተኝ። ያ ሽታ! ጆጉን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ሳይታጠብ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እትዬ መሪማ በአጥር በኩል «ሕጉ ተሻረ በሉኛ!» ብለው እልል አሉ።

ወደ ሥራ ያልተመለሱ ጓደኞቹን ሳስብ ዛሬም ይከፋኛል። እህቴ ደግሞ ልጆቹ ተሻላቸው ትላለች፣ ተመስገን ነው። ግርማን አሁንም በር ላይ አስታጥበዋለሁ፤ አፍንጫዬ ያው ነው። መጀመሪያ ግን አቅፈዋለሁ።