ያላፏጨው ቫልቭ

ጂንካ መጥታችሁ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ከሆነ፣ ኤርጎን ባታውቁትም የእጁን ሥራ ቀምሳችኋል። የከተማውን የቡና ማሽኖች የሚፈታቸውም የሚገጥማቸውም እሱ ነው። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ላይ ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ጡረታቸውን እኛ ዘንድ ሊያሳልፉ የመጡ የጣሊያን ማሽኖች ናቸው። እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል። ኤርጎ ሳሉን ከደጅ ሆኖ ሰምቶ፣ ገና ሳይገባ በሽታውን ይናገራል። ሙያውን የለመደው አርባ ምንጭ ነው፤ ሆቴል ቤት ሳህን እያጠበ፣ ጠጋኙ በመጣ ቁጥር ባትሪ እያበራለት።

አንድ ልማድ አለው። ጠግኖ ሲጨርስ ሴፍቲ ቫልቩ ሳያፏጭ ከቤቱ አይወጣም። ሴፍቲ ቫልቭ የማሽኑ ማስተንፈሻ ነው። በሆዱ ያለው እንፋሎት ከልኩ ሲያልፍ ራሱ ተከፍቶ ያስወጣዋል። ካልተከፈተ እንፋሎቱ ተስፋ ቆርጦ አይቀመጥም፤ ደካማ ቦታ ፈልጎ በዚያ ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ኤርጎ ሆን ብሎ ማሽኑን ከልክ በላይ ያሞቀውና እጁን አጣምሮ ይቆማል። ፉጨቱ ሲመጣ “ተነፈሰች፣ ጠጡ!” ይላል። ጠጪው ይስቃል፣ ባለቤቷም ትመርቀዋለች።

ችግሩ ሁልጊዜ መለዋወጫ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ነጋዴዎች ለአንዲት የጎማ ቀለበት የሚጠሩት ዋጋ ማሽኑን ራሱን የሚሸጡ ያስመስላቸዋል። ኤርጎ ለዓመታት ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ በመቀስ እየቆረጠ ሲያለብሳቸው ኖረ። ቡናው ትንሽ ትንሽ ጎማ ጎማ ቢልም ማንም አልሞተም። ኋላ ስልኩ ኢንተርኔት ለመደና፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሻጮች ያንኑ ዕቃ በማይታመን ዋጋ ደርድረው አገኛቸው። ከጂንካ ሆኖ ለውጭ ሻጭ መክፈል አይቻልም። ግን የሚስቱ እህት ሩቲ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሱ ፎቶውን ይልክላታል፣ እሷ ትገዛለች፣ ወደ አገር የሚመለስ ሰው በሻንጣው ይዞላት ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶችና ማጣሪያዎች ደህና ነበሩ። ቀጥሎ ሴፍቲ ቫልቮች መጡ። በፕላስቲክ ታሽገው ወርቅ መስለው ያበሩ ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ደግ ነበር። ኤርጎ ግን እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሣ። በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ከስብከት በፊት ጌታ ያደረገለትን ነገር ሰው ሁሉ እየቆመ ይናገራል፤ ከበሽታ የዳነው፣ ፈተና ያለፈው፣ ላሙ ጠፍታ የተገኘችለት። ኤርጎ ከኪሱ አንዱን ቫልቭ አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳየ።

“ወገኖቼ፣ ጌታ በባሕር ማዶ በር ከፈተልኝ! የአዲስ አበባ ነጋዴ በሬ የሚያሸጥበትን ዕቃ ጌታ በዶሮ ዋጋ ሰጠኝ። ደግሞ ኦርጅናል!”

ቤቱ በሀሌ ሉያ ተናወጠ። ኦርጅናል መሆኑን በምን አወቀ? ሻጩ ከፎቶው ሥር ጽፎት ነበር፤ ይኸው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሱ ግን ገና ወለምታ መሆኑንም አላወቀም። ፊቱ በርቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ባለ ካፌዎቹ ተሰለፉ። ቀዳሚዋ ጤናዬ ነበረች። ጤናዬ መናኸሪያው አጠገብ ካፌ ያላት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በዚያች ማሽን ያሳደገች የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት። የእሷ ቫልቭ ምንም አልሆነም፣ አርጅቷል እንጂ ያፏጫል። “ኤርጎዬ፣ ያን የተመሰከረለትን ግጠምልኝ” አለችው። ገጠመላት። ማሽኑን አሞቀ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

የእንፋሎቱን ግፊት የሚያሳየው የጌጁ ጠቋሚ ቀዩን መስመር ነካ። ፉጨት የለም። መስመሩን አለፈ። አሁንም የለም። ጤናዬ ባንኮኒው ጋ ቆማ በፈገግታ ትጠብቃለች፤ ጠጪዎቹ ግማሾቹ እሑድ ሀሌ ሉያ ያሉት ሰዎች ናቸው። ኤርጎ ጀርባውን ሰጣቸውና ቫልቩን በመፍቻ ቁልፍ ነካ አደረገው። ያኔ አፏጨ።

“አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቫልቭ ጫማ አይደለም፣ አይላመድም። ይህን ከኤርጎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ጂንካ ውስጥ አልነበረም። አሮጌው ቫልቭ በዕቃ ቦርሳው ውስጥ ነበር፣ መልሶ ለመግጠም ሻይ የመጠጣት ያህል ጊዜ አይፈጅበትም። ግን መልሶ ቢገጥም ምን ሊል ነው? ጌታ የሰጠኝ ዕቃ አይሠራም? አፈረ። አፈረና ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ።

የጤናዬ ባሬስታ አቢጊያ ትባላለች። ከአልዱባ በኩል የመጣች፣ ማታ ማታ የምትማር ልጅ ናት። ኤርጎ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሯታል፣ ለጤናዬም “እጇ ቀና ነው” ብሎ ያስቀጠራት እሱ ነው። እጇ ቀና ነበር። ማኪያቶው ላይ በወተት ቅጠል ስትሥል፣ ከኬንያ በኩል የሚመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ ሳይጠጡት ፎቶ ያነሡታል።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፣ ደግሞ ሄዶ መጣ። በዚህ መሀል የማሽኑን ሙቀት የሚቆርጠው ስዊች ተጣብቆ ቀረ፣ ውሃውም ሳያቋርጥ ይፈላ ጀመር። ካፌው ሞልቷል። አቢጊያ ደወለች።

“ጋሽ ኤርጎ፣ ጠቋሚው ቀዩን አልፎ ሄደ። አያፏጭም።”

ኤርጎ ገበያው አጠገብ ሌላ ካፌ ውስጥ ነበር፤ ከዚያው ዕቃ አንዱን ለመግጠም ሄዶ፣ የተጋበዘውን ሻይ እየጠጣ ስለ ባሕር ማዶ በር ያወራል። መፍቻ ቁልፉ፣ ያቺ ቫልቩን ነካ ያደረገባት፣ ትዝ አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

“የውጭ ዕቃ ነው አቢጊ፣ ራሱ ያውቃል። አንቺ ብቻ እንዳትነኪው። መጣሁ።”

መጣሁ አለ እንጂ አልመጣም። ሻዩን ጨረሰ።

ሲደርስ ሰው ደጅ ላይ ተከማችቷል። የማሽኑ የውሃ ልክ ማሳያ መስታወት ፈንድቶ፣ እንፋሎቱ በዚያ ወጥቷል። አቢጊያ ጠጪው እንዳይጎዳ ማሽኑን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ ነው ያገኛት። ቀኝ እጇን፣ ከጣቷ እስከ ክንዷ። ጤናዬ እያለቀሰች በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ይዛት ሄደች፣ ሰውም ተከትሎ ሄደ።

ኤርጎ ግን አልተከተለም። ካፌው ባዶ ሲሆንለት መፍቻውን አወጣ። ቫልቩን ፈታው፣ ኪሱ ከተተው፣ የጤናዬን አሮጌ ቫልቭ ከቦርሳው አውጥቶ መለሰው። ጤናዬ ከሆስፒታል ስትመለስ በላብ ተጠምቆ ወለሉን ሲያደርቅ አገኘችው።

“ተባረክ ኤርጎዬ፣” አለችው፣ “ሰው ማለት እንዳንተ ነው።”

እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ “አሜን” አለ።

በዚያ ሳምንት በየካፌው እየዞረ የገጠማቸውን ቫልቮች “ላጽዳቸው” እያለ ነቀለ። ይህን ማድረጉ ደግ ነው፣ ይመዝገብለት። ለማን ምን አለ? ለማንም ምንም። እሑድ ደግሞ ጤናዬ ለምስክርነት ቆመች። ልጅቷ ዓይኗ እንደ ተረፈ፣ ጌታ ከሞት እንዳወጣት ተናገረች። “ራሷ ነገረችኝ፤ ወንድም ኤርጎ እንዳትነኪ ብሏት ነበር፣ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነካች። ጠላት በዚህ ሊገባ ነበር፣ አልሆነለትም!”

“ጠላት ይፈር!” አለ ጉባኤው ባንድ ድምፅ። ኤርጎም አብሮ አለ። ምግብ እምቢ ያለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሚስቱ ወባ መሰላት።

የአቢጊያ እጅ ቆዳው ተሸብሽቦ ዳነ፣ ጣቶቿ ግን አልዘረጋ አሉ። ጤናዬ ጨካኝ ሆና አይደለም፣ ሲጠበቅ ሲጠበቅ ሌላ ባሬስታ ቀጠረች። ከተማው አቢጊያን “የማትሰማዋ ልጅ” አላት። ጂንካ ትንሽ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ስም ከወጣ የሚቀጥር አይገኝም።

የጌታ እራት የሚወሰድበት እሑድ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የተቀያየመ ሁሉ እየተፈላለገ ይታረቃል። ቂም ይዞ የሚወስድ የለም፤ ልቡ ያልጠራ የጽዋው ትሪ ሲደርሰው ለጎረቤቱ ያሳልፋል፣ ሰውም ያያል። ቅዳሜ ቀን ኤርጎ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አቢጊያ ነጠላዋን ቀኝ እጇ ላይ ጥላ ገባች።

“ጋሽ ኤርጎ፣ ነገ ልወስድ ነው” አለች ቆማ። “አንተ ጋ ሳልመጣ መውሰድ ከበደኝ።”

“ምነው ልጄ?”

“አትንኪ ብለኸኝ ነካሁ። ስምህንም አስነሣሁ፤ ሰዎች የዕቃው ጥፋት ይሆን እንዴ ይላሉ። አይደለም፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይቅር በለኝ።”

ፈትቶ የወሰደው ቫልቭ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ክንዱን ካስደገፈበት ጠረጴዛ ሥር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከአፉ የወጣው ግን፣ ለእኔም መናገሩ ያሳፍረኛል፣ ይህ ነው።

“ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። ጌታ ይባርክሽ።”

ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። ከለከላት። ፊቷ ቀልሎ እየሄደች፣ በሩ ላይ ዞር ብላ በግራ እጇ ተሰናበተችው።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዳርጌ ትሪውን ይዘው በየረድፉ ዞሩ። ትንንሾቹን ጽዋዎች ሰው አንድ አንድ እያነሣ ይይዛል፤ ለሁሉም ሲዳረስ አብሮ ይጠጣል። አቢጊያ በሴቶቹ በኩል ነበረች። በግራ መቀበሉ አሳፍሯት ሽማግሌውን አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችና ጽዋዋን ያዘች። ትሪው ወደ ኤርጎ መጣ። እወስዳለሁ ብሎ ነበር የመጣው፤ ካልወሰደ እንደሚጠየቅ ያውቃል። እጁ አልነሣ አለው። ትሪውን ለጎረቤቱ አሳለፈ።

ዳርጌ ቆም አሉ። “ወንድም ኤርጎ፣ አልደረሰህም?” አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ደርሶኛል።”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ኤርጎ ቀና ሲል ከማዶ የአቢጊያን ፊት አየ። ትናንት የቀለለው ፊቷ ጠቁሯል። ይቅር እንዳላላት፣ በአፉ ብቻ እንደ ሸኛት ነው የገባት። ሌላ ምን ይግባት? ቀስ ብላ ጽዋዋን ከፊቷ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፣ ያን እጇንም ከነጠላዋ ሥር ሸሸገችው።

ኤርጎ ዝምታው እሱን ብቻ የሚበላ መስሎት ኖሯል። እሷንም ሲበላ አየ። ተነሣ። በጌታ እራት ሰዓት ሰው ተነሥቶ ሲናገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

“አቢጊያ፣ ጽዋሽን አንሺ። አንቺ አልበደልሽኝም።” ወደ ጉባኤው ዞረ። “ያ ቫልቭ እንደማይከፈት የገጠምኩት ቀን አውቄያለሁ። እዚህ ቆሜ ስለመሰከርኩበት አፈርኩና ተውኩት። ስትደውዪልኝ ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ጨርሼ ነው የመጣሁት። አንቺ ሆስፒታል ስትሄጂ እኔ ፈትቼ ደበቅኩት። ያን ቀን የነካሽው ልክ ነበርሽ። ትናንትም ይቅር ብዬሻለሁ አልኩሽ። ይቅር የምልሽ ነገር አልነበረኝም።”

 ዳርጌ ትሪውን ከጎረቤቱ መልሰው ተቀበሉ። ጤናዬ ጉልበቷን እያየች ተቀምጣለች። ኤርጎ ቆሞ ቀረ፤ መቀመጥም መውጣትም አልቻለም።

አቢጊያ ጽዋዋን አነሣች። ሰው ሁሉ ልትጠጣ መሰለው፤ ኤርጎም እንደዚያ ተመኘ። እሷ ግን ተነሥታ በረድፉ መሀል ቀስ ብላ ሄደች፣ ሙሉውን ጽዋ እንዳይፈስ በግራ እጇ ተጠንቅቃ ይዛ፣ ዳርጌ ትሪ ላይ መለሰችው።

“ጋሽ ዳርጌ፣ እኔም ዛሬ አልወስድም” አለች። “የተቀየምኩት አሁን ነው።”